የባሮ ዓሣና የደም ቅባት

«ሲስተር፣ ዓሣው ነው ልጄን የበላው?»

ይህን የጠየቀችኝ አንዲት ወላድ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ፣ እኔ በምሠራበት የማዋለጃ ክፍል አልጋ ላይ ተኝታ። ልጇ ሞቶ ነው የተወለደው። እኔ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ከተመረቅኩ ገና ዓመት አልሞላኝም።

መጀመሪያ ለክትትል ስትመጣ ለካኋትና «ደም ብዛት አለብሽ» ስላት ደስ ብሏት ነበር። የቤቷ ቋንቋ ኑዌር ነው፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ውስጥ ነው። በፊተኛው እርግዝናዋ «ደም አንሶሻል» ተብላ ኪኒን ወስዳለች።

«እሰይ! ኪኒኑ ሠራ» አለች።

«ኧረ እንደሱ አይደለም! ደምሽ አልበዛም። ግፊቱ ነው የበዛው።»

«ግፊት? ማን ገፋኝ?»

አብራት የመጣችው አማቷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ወረፋው እስከ በር ደርሷል። ደም በጠባብ ቱቦ ውስጥ እንደ ውሃ ሲገፋ በእጄ አሳየኋት፣ ገባኝ አለች፣ የግፊት ኪኒን ሰጥቼ ሸኘኋት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የደም ምርመራ ታዘዘላት። አለቃዬ ውጤቱን አይታ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ደምሽ ውስጥ ቅባት በዝቷል፤ ቅባት ቀንሺ» አለቻት። በቃ፣ ይኸው ነው። እርጉዝ ሴት ደም ውስጥ ቅባት መጨመሩ ያለ ነው። ግፊት ያለባቸው ላይ ደግሞ ይብሳል። የቱ የቱን እንደሚያመጣ ግን አስተማሪዎቻችንም ቁርጡን አልነገሩንም። ይህን ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ማን አለ? አማቷ የሰማችው «ቅባት» የሚለውን ብቻ ነው። ለእሷ ቅባት ማለት ከባሮ ወንዝ ወጥቶ ዘይት ውስጥ የሚንጣጣው ዓሣ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓሣ ተከለከለች። ኪኒኗን አላቋረጠችም፣ ቀጠሮም አልቀረችም። የበቆሎ ገንፎዋን እየበላች ከሳች፤ እግሯ ግን አበጠ። በመጨረሻ ራሷን ይዛ፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ እያለች በባጃጅ መጣች። የልጁን የልብ ትርታ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።

እንግዲህ ስለ ዓሣው ስትጠይቀኝ አማቷ አጠገቧ ቆማለች።

«ተደብቃ በልታ ነዋ! ማታር ከተማ ላለው ልጄ እነግረዋለሁ። ሆዳምነቷ ነው ልጁን የጨረሰው።»

«አንዴ ነው» አለች ወላዷ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «አንዴ ብቻ ቀመስኩ።»

አለቃዬ ክንዴን ይዛ ወደ ኮሪደር አወጣችኝ።

«አዎ ዓሣው ነው በያትና ይብቃ። ለሚቀጥለው ትጠነቀቃለች።»

«እውነት አይደለማ!»

«ታዲያ ምን ልትያት ነው? አናውቅም?»

«አዎ።»

«አንቺ ልጅ፣ ነጭ ጋውን ለብሰሽ አናውቅም ካልሽ ነገ ማን ይመጣልሻል?»

ትቻት ስገባ አማቷ ስልኳን አውጥታ የልጇን ቁጥር እየፈለገች ነው። የወላዷ ባል ማታር ይነግዳል፤ ሚስትህ በሆዳምነቷ ልጅህን ገደለች የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሊደርሰው ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ከመደወልዎ በፊት ይስሙኝ» አልኩ፣ ክፍሉ ሙሉ እየሰማኝ። «ዓሣው አይደለም። አንዴ ብትቀምስም፣ በየቀኑ ብትበላም፣ ዓሣው አይደለም። እሷም አይደለችም። ልጁን የገደለው ግፊቱ ነው። ግፊቱ ለምን እሷ ላይ እንደመጣ ደግሞ እኛም አናውቅም።»