ባቢሌ ላይ የተፈተሸው የአባቴ ሆድ

ከጅግጅጋ በአውቶቡስ የሚወጣ ሰው የባቢሌን የኮንትሮባንድ ፍተሻ ያውቀዋል። ያን ቀን አባቴን ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ እየወሰድኩት ነበር። ቀደም ብሎ የተነሣው የሲቲ ስካን ምርመራ የጨጓራው ካንሰር ወደ ሌላ አካል ሳይዛመት እንደማይቀር ጠቁሟል። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ለአባቴ ግን ተራ የጨጓራ ሕመም ነው ብለነዋል።

ፈታሹ ገባና የአባቴን የተነፋ ሆድ ሲያይ ቆመ።

«አባት፣ ልብስ ነው ስልክ? ያሰሩትን ይፍቱ።»

«ሆዴ ነው» አለው አባቴ።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ ሸሚዙን ሊገልጥ እጁን ሰደደ። አላስቻለኝም። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁትና ድምፅ እንዳያወጣ በዓይኔ ለመንኩት። እሱ ግን እንግሊዝኛ መቻሉን ሊያሳየን ነው መሰለኝ፣ ጮክ ብሎ እየተረጎመ ያነበው ጀመር። «ካንሰር... ሳይሰራጭ አይቀርም...» ሀፍረቱ የመጣው አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ነው። ወረቀቱን መለሰልኝና ሌላ ማንንም ሳይፈትሽ ወረደ።

አውቶቡሱ ከከተማው እንደወጣ፣ ከኋላችን የተቀመጠች ነጋዴ ደራርባ የለበሰቻቸውን አራት ጃኬቶች አንድ በአንድ ታወልቅ ጀመር። ፊቷ በርቷል።

«ወላሂ አባባ፣ ዛሬ በእርስዎ ተረፍን። አላህ አፊያ ያድርግዎት። ቀጣዩ ቀጠሮዎ መቼ ነው? አብሬዎት እሄዳለሁ።»

አባቴ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል መለሰላት።

«ልጄን ጠይቂው። ለእኔ አይነግረኝም።»