አሥራ አምስት ሰው የጫነች ታንኳ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት አባቴ ከሐይቁ ዳር ያጨደውን አንድ እቅፍ ደንገል ሰጥቶኝ «ታንኳ እሰር» አለኝ። አሰርሁ። ውሃ ላይ ስናስቀምጣት ታንኳዬ በጎኗ ተኛች። አባቴ አየት አደረገኝና፣ «አንተ የሠራኸው ትራስ ነው» አለ። አርባ ዓመት ጣና ዳር ታንኳ ሳስር የኖርሁት ከዚያ ትራስ ተነሥቼ ነው።

በደርግ ጊዜ ደግሞ ተሾምሁ። የደሴታችን ገበሬ ማኅበር አሥራ አምስት የኮሚቴ አባላት ነበሩት፤ አሥራ አምስተኛው እኔ ነኝ። ማንበብ አልችልም፤ ሥራዬ ሌሎቹ ሲስማሙ «እኔም» ማለት ነበር። አግዳሚው ስለማይበቃን የምቀመጠው በግማሽ ጎኔ ነው። ያችን ግማሽ ቦታ ግን እወዳት ነበር። «ጓድ ሰይድ» ሲሉኝ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኛል።

ችግሩ፣ የማኅበሩ ታንኳ አንዲት ናት፤ የምትጭነው አምስት ሰው ብቻ። ባሕር ዳር ለስብሰባ ስንጠራ ሦስት ጊዜ ትመላለሳለች፤ የመጨረሻዎቹ ስንደርስ ስብሰባው አልቋል።

አንድ ቀን የወረዳው ካድሬ በሞተር ጀልባ መጣ። «ኮሚቴው ወደ አምስት ይቀነስ። እሑድ ሕዝቡ ይወስን» አለ።

ሊቀመንበሩ አቶ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። «ሰይድ፣ ከአምስቱ የምትገባ ይመስልሃል?»

«ኮሚቴው ከሚያንስ ታንኳዋን ባሳድጋትስ?» አልሁ።

ካድሬው ሳቀ። «እሑድ አሥራ አምስታችሁም ባንድ ጉዞ ከተሻገራችሁ፣ አይቀነስ ብዬ የምከራከረው እኔ ነኝ።»

ደንገል ፀሐይ ላይ ሳይደርቅ አይታሰርም። ይህን ለስንቱ አስተምሬአለሁ። ያን ሳምንት ግን እሑድ ስለ ደረሰብኝ እርጥቡን አሰርሁት። ባለቤቴ ፋጡማ መጥታ አየችና፣ «ይኸ እኮ ገና ያድጋል» አለችኝ።

«ሹም እየሠራ ነው፤ ዝም በይ» አልኋት።

እሑድ ጧት ሐይቁና ሰማዩ በጉም አንድ ሆነዋል። አሥራ አምስታችን ተሳፈርን። ሕዝቡና ካድሬው ዳር ቆመው ያያሉ። ጥቂት እንደሄድን መስመጥ ጀመርን፤ ግን ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ እንደሚወስደው ሰው። ማንም አልጮኸም። ውሃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ፤ ጉልበት፤ ወገብ። ታንኳዋ አትታይም፤ አሥራ አምስት ሰው ሐይቁ ላይ ቁጭ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስላል። አንዲት ነጭ ወፍ አጠገባችን መጥታ አብራን ትንሽ ሄደች።

አቶ ይመር የማኅበሩን ማኅተም አናታቸው ላይ ይዘው፣ «ሰይድ፣ ከዚህም ዝቅ እንላለን?» አሉኝ በእርጋታ።

«የለም ጓድ ሊቀመንበር፣ ጨርሰናል» አልሁ። ታንኳዋ ከሐይቁ ሥር ጭቃው ላይ ተቀምጣ ነበር።

በእግራችን ወጣን። ድምፁ እጅ በማውጣት ተሰጠ። መጀመሪያ ያወጣችው ፋጡማ ናት። «አሥራ አምስት ሲሰምጥ አይተናል፤ አምስት ይበቃል» አለች። ሁሉም ተከተላት፤ አቶ ይመር ሳይቀሩ።

«የሚቃወም?» አለ ካድሬው፣ እኔን እያየ።

ከልብሴ ውሃ ይንጠባጠባል። እጄን ከሚደግፉት ጋር አወጣሁና «እኔም» አልሁ። በሹመት ዘመኔ የተናገርሁት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው።

በማግሥቱ ታንኳዋን ፈትቼ ደንገሉን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ደንገል ሲደርቅ ቀለሙ ይገረጣል፣ ሲያጥፉትም ይንኮሻኮሻል። እስከዚያ ጠብቁ፤ ከዚያ እሰሩ።