ሚስማር የተባለው ሞጁል

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «መደርደሪያ» ነው የሚላት፤ ስሙን ያወጣላት ሰው ይባረክ። የጃቫ ፕሮግራም ጸሐፊ ናት፤ የተዝረከረከ ነገር ካየች ያማታል። ሆስፒታሎች የሚሠሩበት ትልቁ ፕሮግራም ደግሞ የዝርክርኮች አባት ነበር። የበሽተኛ ካርዱ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ላቦራቶሪው፣ ሁሉም በአንድ ከረጢት ታጭቋል። አንዲት መስመር ከተነካች ሁሉም እንደ አዲስ ይገነባል፤ አርባ ደቂቃ!

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞጁል በሚባሉ ራሳቸውን የቻሉ ክፍሎች ስትከፋፍለው ከረመች። የጋራውን ደንብ በአንድ ወላጅ ፋይል ጻፈች፤ ሞጁሎቹ እንደ ልጅ ከዚያ ይወርሳሉ። የአለቃዋ ትዕግሥት ግን አለቀ። «እስከ ምሳ ሰዓት ካልተገነባ ወደ ድሮው እንመለሳለን» ብሏት ሄደ።

ለምሳ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ግንባታው አሁንም እምቢ አለ። ካርዱ «መድኃኒት ቤቱ ይቅደም» ይላል፤ መድኃኒት ቤቱ «ካርዱ ይቅደም» ይላል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! የሦስት ሳምንት ልፋቷ ገደል ሊገባ ነው፤ እንባዋ መጣ።

ይሄኔ እናቷ ደወሉ።

«ልጄ፣ ጉድ ሆኛለሁ! የቁምሳጥኑን ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ትቼ ጓጉንቸሩን ቀጭ አደረግኩት።»

«የሣጥኑ ቁልፍስ፣ እማዬ?»

«ቁምሳጥኑ ውስጥ ነዋ! ሁለቱንም በሩ ጋ ሚስማር ላይ እንስቀላቸው ስል፣ አባትሽ ግድግዳው ይበሳል እያለ!»

«እማዬ፣ ኑሪልኝ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ሁለቱ ሞጁሎች የሚናጠቁት የሐኪሙን የመድኃኒት ትእዛዝ ነበር፤ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ተቆልፎበታል። ከሁለቱም አውጥታ ማንንም የማይጠብቅ ትንሽ ሦስተኛ ሞጁል ሠራችለት። ስሙን «ሚስማር» አለችው። ግንባታውን አስነሳች።

ሚስማር አለፈ። ካርዱ አለፈ። መድኃኒት ቤቱ አለፈ! ጮቤ ረገጠች። አለቃዋ ጩኸቱን ሰምቶ ሲመጣ ላቦራቶሪው ላይ አንድ መስመር ነካችና እሱን ብቻ አስገነባችው፤ አርባ ሴኮንድ።

«እንዴ!» አለ አለቃዋ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው። ሦስት ጊዜ አስደገማት፤ የምሳ ሰዓት ማለፉ ማንንም ትዝ አላለውም።

ቤት ስትደርስ ጓጉንቸሩ በመዶሻ ተሰብሯል፤ አባቷ በዚያው መዶሻ በሩ ጋ ሚስማር ይመታሉ።

«ሠላሳ ዓመት ነገርኩት፤ ዛሬ ገባው» አሉ እናቷ።

«አትፍረጂበት፣ እማዬ» አለች እየሳቀች ሄዳ አቅፋቸው። «እኔም ዛሬ ነው የገባኝ።»