ጉልቤ የወጣበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት፣ መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለችው ትንሽ ማተሚያ ቤታችን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቤዛ ሹካዋን ሩዙ ውስጥ ተክላ ስልኳ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ቤዛ ዲዛይን የምትሠራልን ልጅ ናት። ምግቡ እንደቀዘቀዘ ስነግራት ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ ማለቴ፣ እዚህ ጌም ላይ ቲም የሚሠራው በስድስት አውሬ ነው። እኔ ደግሞ ሰባት አሉኝ። በቃ፣ አንዱ መውጣት አለበት» አለችኝ። ለእኔ ዓይነቱ ሽማግሌ እንዴት ብላ እንደምታስረዳ ጨንቋት ነበር። ገና አርባ ዓመት አልሞላኝም፤ ጋሼ መባልን ግን ከፀጉሬ መሳሳት ጋር አንድ ላይ ተቀብዬዋለሁ።

ወደ ስልኳ ጎንበስ ብዬ፣ «ይኼ ውሃ ነው፣ ይኼም ውሃ ነው። ታዲያ መብረቅ የሚተፋ ቢመጣብሽ በምን ልትመክቺ ነው?» ስላት ጆሮዋን ማመን አቃታት። የእኔም ምሳ ቀዘቀዘ።

እንዲህ ያለ ጌም ስጫወት አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ፣ ቤቶቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደግፈው በቆሙበት መንደር ውስጥ ሦስት ጓደኛሞች ነበርን፤ እኔ፣ ሙባረክና እየሩስ። የሙባረክ አባት የመንደሩ ባለሱቅ ናቸው። አጎቱ ከጅዳ ሲመጣ በመዳፍ የምትያዝ የጌም ማጫወቻ አመጣለት። ውስጧ የነበረው አንድ ጌም ብቻ ነው። በየጫካውና በየዋሻው እየዞሩ አውሬ ይይዛሉ፣ እያፋለሙ ያሳድጋሉ፣ አንዳንዱም ሲያድግ መልኩን ይለውጣል፣ ከዚያ ስድስቱን መርጠው ከሌላ ሰው ስድስት አውሬዎች ጋር በገመድ አገናኝተው ይገጥማሉ። ሙባረክ የእኔ ናት ብሎ ሊቋጥራት ይችል ነበር። እሱ ግን እንደዚያ አልተፈጠረም። በየሁለት ቀኑ እየተቀባበልን፣ እያንዳንዳችን ሁለት ሁለት አውሬ እያሳደግን፣ ሦስታችንም በአንድ ጌም ውስጥ እንኖር ነበር።

ክረምት ነበርና ትምህርት የለም። ጌሟ የምትሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት እንዳለብን እናውቃለን፤ በነሐሴ ግን ፀሐይ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የእየሩስ እናት ቴሌቪዥን ላይ፣ ከዳንቴሉ ስር፣ ደብቀን እናሞቀዋለን። የተጠበሰ በቆሎ እየፈለፈልን ስለምንጫወት የጌሟ ቁልፎች በጥላሸት ጠቁረው ነበር። እስካሁን የበቆሎ ሽታ ሲመጣብኝ አውራ ጣቴ ይንቀሳቀሳል።

እየሩስ የቡድናችን አእምሮ ነበረች። የሳይንስ ደብተሯን ከኋላ ገልብጣ፣ የትኛው አውሬ የትኛውን እንደሚያሸንፍ በሠንጠረዥ ጽፋልናለች። እኔ ቸኩዬ የምመታ ነኝ። ሙባረክ ደግሞ ጉልቤን ነበረው። ጉልቤ ሙባረክ መጀመሪያ የያዘው አውሬ ነው። ከኤሊና ከትል የተዳቀለ የሚመስል፣ ሆዱን እየጎተተ የሚሄድ፣ ሲመቱት ዓይኑን ጨፍኖ ከመጠቅለል በቀር ሌላ ሙያ የሌለው ፍጡር። ጉልቤ የሚለውን ስም ያወጣለት ሙባረክ ራሱ ነው። በቀልድ ሳይሆን በተስፋ።

በሐምሌ መጨረሻ ከካዛንቺስ ልጆች ጋር ገጥመን ድባቅ መቱን። መሬት የሚያናውጡ ሁለት አውሬዎች ነበሯቸው። ጉልቤ ተራው ሲደርስ ከመካከላቸው ረጅሙ ልጅ፣ «ይኼን ደግሞ ከየት ቆፍራችሁ ነው ያመጣችሁት?» ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። በነሐሴ ሦስተኛው ቅዳሜ እንደገና ሊገጥሙን ተስማሙ። እዚያ ሰፈር እንደገና ተሸንፎ መመለስ ለእኔ የሞት ያህል ነበር። የዚያ ዕድሜ ሞት ቀላል ነው።

እየሩስ ደብተሯን አየች፣ አሰበች፣ ፈረደች። «መሬት ሲናወጥ የማይነካው የሚበር ብቻ ነው። አንዲት ወፍ እያሳደግኩ ነው። እሷ ትገባለች፣ ጉልቤ ይወጣል።»

«ማን ይነግረዋል?»

«አንተ ንገረው፤ አብሮ አደግህ ነው።»

«አንቺ ንገሪው፤ ያሰብሽው አንቺ ነሽ።»

አንዳችንም አልደፈርንም። ጌሟ የእሱ ናት፣ ድንጋዩ የሚመጣው ከአባቱ ሱቅ ነው፣ ያንን ሁሉ ከእጁ እየበላን ደግሞ የሚወደውን አውጣልን ልንለው ነው። ጉልቤን ማስወጣት ሙባረክን ማስወጣት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። ይሉኝታ ያዘን። ይሉኝታ የያዘው የአገራችን ሰው የሚያደርገውን አደረግን። ሽማግሌ ላክንበት።

ሽማግሌው ጋሽ ታደለ ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው። በመንደሩ የተጣላ ባልና ሚስት፣ በአጥር የተካሰሰ ጎረቤት ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናቸው አጠገብ ቆመን ነገሩን ስናስረዳቸው ከመነጽራቸው በላይ እያዩ ሰሙን።

«እና ይኼ አውሬ ይበላል?»

«አይ፣ ጋሽ ታደለ፣ ጌም ውስጥ ነው ያለው።»

«ሰው ይጎዳል?»

«አይጎዳም። ማንንም አይጎዳም። ችግሩም እሱ ነው።»

ብዙም የገባቸው አልመሰለኝም። ግን ሁለት ልጆች ጓደኛቸውን ላለማስቀየም ብለው እሳቸው ዘንድ መምጣታቸው ደስ አሰኝቷቸው፣ ኮታቸውን ደርበው ጭቃውን እየዘለሉ ወደ ሱቁ አመሩ። እኛ ከኋላቸው ራቅ ብለን ቆምን። ሙባረክ በሩ ላይ አገኛቸው።

«ሙባረክ ልጄ፣ በሬ እንኳ የሚጠመደው ከአቻው ጋር ነው። ለጓደኞችህ ስትል ያንን ደካማውን አሳርፈው። ታኮራቸዋለህ» አሉት።

ሙባረክ አንገቱን ደፋ። «እሺ፣ ጋሼ» አለ።

«ተባረክ!» ብለው ራሱን ዳሰሱት። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እየሩስና እኔ እፎይ ብለን በቆሎ ልንገዛ ሄድን።

ዓርብ ጠዋት ሙባረክ ጌሟን አምጥቶ አስረከበን። «አስተካክያለሁ» አለ። ከፈትናት። ስድስቱ በተራ ተደርድረዋል፤ በጉልቤ ቦታ የእየሩስ ወፍ ገብታለች። ከዚያ ወዲያ ያየነው ነገር የለም።

ቅዳሜ በካፊያ መስቀል አደባባይን አቋርጠን ሽቅብ ወደ ካዛንቺስ ወጣን። ሙባረክም አብሮን ነበር። ድንጋዮቹ እንዳይቀዘቅዙ ብብቱ ስር ይዟቸዋል። ጨዋታው ረጅም ነበር። የእኔ ሁለቱ እንደ አመላቸው ቸኩለው ገብተው ቸኩለው ወደቁ። የእየሩስ አንዱ፣ የሙባረክም ሌላኛው ተከተሉ። በመጨረሻ ያቺ ወፍ መሬቱ ከስሯ እየተናወጠ እሷ ከላይ እያንዣበበች፣ ሁለቱን አናዋጮች አንድ በአንድ ጣለቻቸው። አሸነፍን። ረጅሙ ልጅ ገመዱን ነቅሎ ወጣ። ከሁላችን በላይ ያጨበጨበው ሙባረክ ነው።

ስንመለስ አንድ የሱቅ ታዛ ስር ዝናብ ተጠለልን። እየሩስ ደስታው አጀግኗት፣ «አሁን ጉልቤን እንመልሰው፣ እሱም ድሉን ይይ» ብላ ትርፍ አውሬዎች የሚቀመጡበትን ቦታ ከፈተች። ፈለገች። እንደገና ከላይ እስከ ታች ፈለገች።

«ሙቤ፣ ጉልቤስ?»

«ለቀቅኩት።»

በዚያ ጌም የተለቀቀ አውሬ አይመለስም። ጌሙ ራሱ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ሁለቴ ይጠይቃል።

«ለምን?» አልኩት፤ ድምፄ ቀጥኖ።

«ሽማግሌ ውጣ ካለው በኋላ ምን ይሠራል? ተቆልፎበት ከሚቀመጥ ይሂድ ብዬ ነው» አለ። አልተቆጣም። ብርቱካናማ የዝናብ ኮፍያውን አጥልቆ፣ «አባባ ይጠብቀኛል» ብሎ እየሮጠ ሄደ። ድሉ አፌ ውስጥ መረረኝ። አፈርኩ፤ ግን እንዳፈርኩ አልነገርኩትም።

አልተጣላንም። መጣላት ቢሆን ጋሽ ታደለ ያስታርቁን ነበር። ትምህርት ሲከፈት ሙባረክ ተራው ሲደርስ «እናንተ ያዟት» ማለት ጀመረ፤ የዚያን ዓመት ብርድ ሲመጣ ደግሞ ጌሟን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ነው እሺ የሚባለውን ነገር መፍራት የጀመርኩት። እኛ ዘንድ ለታላቅ እሺ ይባላል፤ መስማማት ሌላ ነገር ነው። ዛሬ የሥራ ባልደረቦቼ አንገታቸውን ደፍተው እሺ ሲሉኝ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ ቡና ይምጣ እላለሁ፤ ሌላው ቃል እስኪወጣ እጠብቃለሁ። ይኼንን ያወቅሁት ግን በሙባረክ ወጪ ነው።

ቤዛ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሙባረክ ዘንድ ደወልኩ። ሰፈራችን ፈርሶ እሱ ወደ ከተማው ዳር ወጥቷል፤ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። ለዒድና ለገና እንደዋወላለን።

«ሙቤ፣ ጉልቤን ታስታውሰዋለህ?»

«ምን አስታወሰህ?»

«ይቅርታ ሳልጠይቅህ ቀርቻለሁ። ራሴ መንገር ሲገባኝ ሰው ላክሁብህ።»

ሳቀ። «ተው እንጂ፣ የልጅነት ነገር!» አለ። ከዚያ ሳቁ እያለ ድምፁ ቀነሰ። «ግን ታውቃለህ፣ ሐሙስ ዕለት እኮ ተለወጠ። ስታጉረመርሙ ሰምቼ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እሱን ብቻ ሳፋልም ቆየሁና ቆዳው ተሰነጠቀ። ክንፍ አወጣ። ይበር ነበር። ላሳያችሁ ብዬ ስወጣ ነው ጋሽ ታደለን በሩ ላይ ያገኘኋቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካቸውም?»

«አንዴ እሺ ብያቸው ነበራ።»

ደንበኛ መጣበትና መልሼ እደውላለሁ ብሎ ዘጋ። ለእየሩስ እስካሁን አልነገርኳትም።