ከአማቴ ኩሬ ሥር የቀረው ሣንቃ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከኮልፌ ስነሳ

ከቤት የወጣሁት በማለዳ ነው። ጉዳዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ሆለታ ሄጄ የአማቴን የአቶ ደበላን ኩሬ ማስከፈት። ባለቤቴ ጽጌ እስከ በር ሸኝታኝ፣ "አደራ ሱሪህን እንዳታበላሽ! አባባ 'የልጄ ባል የሳይንስ አስተማሪ ነው' እያለ አገሩን ሁሉ ጠርቶ ነው የሚጠብቅህ" ብላ ሳቀች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ሳቅሁ። አቤት፣ ያችን ሳቅ መልሼ ብውጣት!

አማቴ አምና ሁለት በሬ ሸጠው ከሸለቆው አፍ ላይ የአፈር ግድብ አሠርተዋል። ከግድቡ ሥር አንድ የሲሚንቶ ቱቦ ወደ ሽንኩርት ማሳቸው ያልፋል። የቱቦው አፍ በኩሬው ወለል ላይ ወደ ሰማይ የተከፈተ ሲሆን፣ በወፍራም የዝግባ ሣንቃ ተከድኖ ዙሪያው በጭቃ ተመርጓል። ክረምት ሳይገባ ኮልፌ ድረስ መጥተው፣ "መምህር፣ እጀታው ሲዞር ሣንቃውን የሚያነሳ ባለ ጥርስ ብረት ላስገጥም ወይስ ገመድ ይበቃል?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ቤቴ ተቀምጠዋል። እኔ ሆዬ ሳላስብ፣ "አባባ፣ ብረት ምን ያደርግልዎታል? እንጨት እኮ ይንሳፈፋል! ጭቃው እስኪለቅ ሳብ ቢያደርጉት ራሱ ብቅ ይላል" አልኩ። "እንግዲህ አንተ ካልክ" ብለው ሄዱ።

መንገድ ላይ

የአምቦው አውቶቡስ ረዳት እንደ ገለባ አጨቀን። አጠገቤ የተቀመጡት የቅቤ ነጋዴ ሴትዮ ቅላቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር "ማርያም ማርያም" ይላሉ። ገፈርሳ ስንደርስ ውሃው ከነጭጋጉ ታየ፤ እኔም አፌን በላኝ።

"እማማ፣ የግድብ ግንብ ከሥሩ ለምን እንደሚወፍር ያውቃሉ? ውሃ በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ይበረታል።"

"ወይ ጉድ! ታዲያ ዓሣው እንዴት ቻለው?"

"እሱንማ ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም እኩል ስለሚገፋው ነው።"

"የሱ ሥራ" አሉ። እኔ ግን የራሴ ሥራ ይመስል ኮራሁ።

ከኩሬው ዳር

ጽጌ እንዳለችው ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። ግድቡ እስከ አፉ ሞልቷል፤ ከግድቡ በታች ግን አዲስ የተተከለው የሽንኩርት ችግኝ በፀሐይ ጠውልጎ አንገቱን ደፍቷል። የዚያ ዓመት ተስፋቸው ሁሉ እሱ ነው። አማቴ ገመዱን በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ።

ሳብኩ። ምንም የለም። አምስት ጎልማሶች አብረውኝ ሳቡ። ሣንቃው ንቅንቅ አላለም። "ጭቃው ነው፣ በሬ ይምጣ!" አልኩ። ጎረቤታቸው አቶ ጉተማ በሬዎቻቸውን ጠምደው ገመዱን ከቀንበሩ አሰሩት። በሬዎቹ አረፋ ደፈቁ።

"ጃንሆይ ይሙቱ፣ ይሄ ሣንቃ ሥር ሰዷል!" አሉ አቶ ጉተማ። ሰው ሳቀ። ሳቁ ደሜን አፈላውና "ግረፏቸው!" ብዬ ጮህኩ።

ገመዱ ድንገት ላላ፤ በሬዎቹ በጉልበታቸው ወደቁ። ከውሃው የወጣው ገመዱ የታሰረበት የሣንቃው የብረት ቀለበት ብቻ ነው፣ ከነምስማሩ። ሣንቃው ከነጭቃው እዚያው ቀረ። ከእንግዲህ የምንይዝበት የለም።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ ለሰዉ። "መምህር ረጅም ምስማር ምታበት ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳጠርኩት።"

እኔ ስለ ምስማር ተናግሬ አላውቅም! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ሰዉ ሲበተን ግድቡ ላይ ቁጭ ብዬ በእንጨት መሬቱን እየጫርኩ አሰላሁ። ጥልቀቱ አራት ሜትር ነው። አንድ ሜትር ውሃ በእያንዳንዷ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ መቶ ግራም ይጭናል፤ አራት ሜትር ደግሞ አራት መቶ ግራም። ሣንቃው በየጎኑ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስፋቱ ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ሲባዛ አንድ ሺህ ኪሎ! ያንን ሣንቃ ዐሥር ኩንታል ተጭኖታል ማለት ነው። ዓሣውን ውሃ ከሥርም ይገፋዋል፤ ከሣንቃው ሥር ግን ያለው ባዶ ቱቦ ነው። ወደ ላይ የሚገፋው ውሃ ሳይኖር እንዴት ይንሳፈፋል? ለሴትዮዋ ያስረዳሁትን ለራሴ ረሳሁት። አማቴ ሲመጡ የጫርኩትን በእግሬ አጠፋሁ።

እሑድ

ጎረቤቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በባልዲና በእንስራ ውሃ ያመላልስ ጀመር። እኔም ባልዲ አነሳሁ። የጽጌ እናት እማማ ብርቄ ግን ሮጠው መጥተው ከእጄ ነጠቁኝ። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ አንቱ እንዳሉኝ ናቸው።

"ተዉ እንጂ፣ አማች እንዴት ይሸከማል? ይቀመጡ፣ ጥላው ሥር ይቀመጡ።"

ተቀመጥኩ። ነፍሰ ጡር ሴት ሳትቀር ውሃ ስትሸከም እኔ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ጉብ ብዬ አየሁ። እስኪመሽ ግማሹን መደብ እንኳ አላዳረሱም። ለእራት ደግሞ ሥጋ ቀረበልኝ።

በማግሥቱ አማቴ አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ። "ለጽጌ፣ አባትሽ ምስማር አሳጥሮ ነው በላት። አደራ" አሉኝ።

ቤት

በመንገዱ ሁሉ አንድ መላ አወጣሁ። ረጅም የውሃ ጎማ ከመርካቶ ገዝቼ፣ ውሃ ሞልቼ፣ አንዱን ጫፍ ኩሬው ውስጥ ነክሬ ሌላውን በግድቡ አናት ዝቅ ወዳለው ማሳ ባሻግረው፣ ሣንቃው ሳይነካ ውሃው ራሱ ወደ ማሳው ይወርዳል። መላው ልቤን ቀለል አደረገልኝ፤ ይህን ይዤ አደራውን ብጠብቅ ምን ነውር አለው አልኩ።

ጽጌ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ጠየቀችኝ። እንደታዘዝኩት ስለ ምስማሩ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ እሷ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

"አባባ ምስማር አሳጥሮ አያውቅም" አለች፣ እንባዋ እየመጣ። "አረጀብኝ ማለት ነው፤ አረጀብኝ።"

ይሄን እንኳ አልቻልኩም።

"አባትሽ አላረጁም። እኔ ነኝ" አልኳት። ስለ ባለ ጥርሱ ብረት፣ ስለ ዓሣው፣ ስለ ዐሥሩ ኩንታል፣ ጥላ ሥር ስለ መቀመጤም ነገርኳት። የሰው ደግነት እንዲህ እንደሚያሳፍር ያወቅሁት በዚህ ጉዞ ነው። ጎማውንም ቶሎ ብዬ ጨመርኩበት።

እንባዋን ጠረገች። "ጎማው ጥሩ ነው። ቅዳሜ አብረን እንወስደዋለን። አንተ ግን እዚያው ግድቡ ላይ፣ አቶ ጉተማም ሁሉም ባሉበት፣ አሁን ለእኔ ያልከውን ትላለህ።"

"እሺ" አልኩ።

የጎማውን ርዝመት ወዲያው አሰላሁት፣ ከባድ አልነበረም። አቶ ጉተማ ፊት ቆሜ የምናገረው የመጀመሪያ ቃል ግን እስካሁን አልመጣልኝም።