ባዘቶ የለበሰችው እንቁራሪት

ሰሞኑን ዝናቡ ሲበረታ መታጠቢያ ቤታችን እንቁራሪት ገባች። ባለቤቴ "አንተ፣ በጨርቅ ይዘህ አውጣት" አለችኝ። እኔ ገና ሳያት አፌን በመዳፌ ሸፈንኩ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ ብርዳማው ጨንቻ ላይ ሸማኔ ነበር። እኔ አርባ ምንጭ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። አባቴ "ከወደቅህ ጉድጓዱ ይጠብቅሃል" ብሎኛል፤ የሽመናውን ጉድጓድ ማለቱ ነው። ባዮሎጂ ደግሞ ልወድቅ አንድ ሐሙስ ቀርቶኛል። መምህራችን "ነገ በሕይወት ያለች እንቁራሪት ያመጣ አስር ማርክ አለው" አሉ።

ኩልፎ ወንዝ ወርጄ እጄን በካልሲ ሸፍኜ አንዷን ያዝኩ። ልጋጓ በካልሲው አልፎ ጣቴን ሲነካኝ፣ የምሳዬ የበቆሎ ድብልብል፣ ኩርኩፋው ከነሺፈራው ቅጠሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ቤት ስደርስ አንድ ብልሃት ታየኝ፤ የሸማኔ ልጅ ብልሃት። እናቴ ለትራስ የላከችልኝን ባዘቶ በወተት ጣሳ ጠቅጥቄ እንቁራሪቷን መሐሉ ከተትኳት። ጥጡ ልጋጓን ይጠጣል፣ እሷም ይሞቃታል ብዬ።

በማግስቱ መምህሩ ክፍል ውስጥ ጣሳውን ከፈቱ። ጥጥ የበቀለባት ደረቅ ነገር ወጣች። አትንቀሳቀስም።

"ጓድ መምህር፣ የጨንቻ እንቁራሪት ናት፣ ብርድ ፈርታ ነው" አለ ጓደኛዬ ማሙሽ።

መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ልጅ፣ እንቁራሪት እኮ በቆዳዋም ትተነፍሳለች። ቆዳዋ ካልረጠበ አየር አያስገባም። አፍነሃታል።"

"ማርኩስ?"

"ከተነፈሰች ያንተ ነው።"

ጥጡን በጥፍሬ መልቀም ጀመርኩ። እያንዳንዷ ክር የደረቀ ንፍጥ ይዛ ትነሳለች። ቧንቧው ውሃ የለውም፤ ያለው የመምህሩ አንድ ብርጭቆ ነው። እንዳያልቅብኝ በአፌ እየያዝኩ፣ ሽማግሌ እንደሚመርቅ፣ ፊቴን አስጠግቼ እፍ እፍ እያልኩ ውሃውን ረጨሁባት። በሦስተኛው ከአገጯ ስር ያለችው ቆዳ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረች። ደስ ብሎኝ አፌን ከፈትኩ። እሷም ዘለለች።

ሙሉ በሙሉ አልገባችም። አንድ እግሯ ግን ምላሴን ረገጠ። የሰነበተ የዕቃ እጣቢ ይመስላል ጣዕሙ።

መምህሩ "ተነፈሰች" ብለው ማርኩን ጻፉልኝ። እኔ ውጭ ወጥቼ ቁርሴን ስመልስ ማሙሽ ጀርባዬን እየመታ "አንተስ ትተነፍሳለህ?" ይለኛል።

በዚያች አስር ማርክ አለፍኩ፤ ጉድጓዱም ቀረልኝ። ሰው ለባለውለታው ፍቅር ይኖረዋል ይላሉ። እኔ አክብሮት አለኝ፣ ግን ከሩቁ።

መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ክንዴን ዘርግቼ አንድ ኩባያ ውሃ አፈሰስኩባት።

"ልታወጣት ነው ልታጥባት?" አለች ባለቤቴ።

"መጀመሪያ ትተንፍስ" አልኳት፣ አፌን እንደሸፈንኩ።