የንግግር ጸሐፊው ድል

የመሪው ንግግር ጸሐፊ ቀጭንና ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ለአንዲት ቃል ቀኑን ሙሉ ስለሚሟገት የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ነጠላ ሰረዝ» ይለዋል። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ሦስት መሪ አሳልፎ አራተኛው ላይ የደረሰ ሰው በቅጽል ስም አይቀየምም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ እሱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፣ መሪው ዓይናቸውን ጨፍነው ምንጣፉ ላይ ይንጎራደዳሉ። እርምጃቸው ከቆመ ያቺ ቃል አበቃላት።

ያን ሰኞ ጠዋት የሚያነበው፣ ሥራ አቁመው አደባባይ ስለተቀመጡት የወንዝ ዳሯ ከተማ ሠራተኞች ነበር። ታናሽ እህቱ ከነልጆቿ እዚያው ትኖራለች። «ወንድሞቻችን» ከሚለው ላይ ሲደርስ እርምጃው ቆመ።

«እነማን ናቸው ወንድሞቼ?» አሉ መሪው።

መስኮቱ ሥር የተቀመጠው የጸጥታ አማካሪ ቀደም ብሎ፣ «‹ከሃዲዎች› ቢባል ይሻላል ክቡርነትዎ» አለ።

ነጠላ ሰረዝ ረቂቁን ዝቅ አድርጎ ወደ መሪው ዞረ። «ክቡርነትዎ፣ ከሃዲ ካሏቸው በኋላ የሚቀረው ጥይት ብቻ ነው። ወንድም ካሏቸው ግን ነገ ቁጭ ብሎ መነጋገር አለ። እባክዎ ይቺን ብቻ ይተዉልኝ።»

አማካሪው ሰዓቱን አየት አደረገና ፈገግ አለ። «ለጸሐፊያችን ይሁንላቸው፤ ቃሉ ይቆይ።» መሪውም መንጎራደዳቸውን ቀጠሉ።

ይህ አማካሪ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንዲት ቃል ለቆለት አያውቅም። ያኔ ነበር መጠርጠር! ምን ያደርጋል፣ ነጠላ ሰረዝን ደስታ አጃጃለው። እየተጣደፈ ቢሮው ገብቶ ለእህቱ ደወለ።

«ጋሼ፣ ጓዜን እየሸከፍኩ ነው» አለችው። «ልጆቹን ይዤ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ልወጣ ነው። እዚህ የሚወራው ሁሉ ደስ አይልም።»

«የምን መውጣት አመጣሽ! ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወንድሞቻችን ነው የሚላችሁ። አርፈሽ ቤትሽ ተቀመጪ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በእናታችን ሞት!»

እፎይ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ መሪው ንግግሩን አሰሙ። «ወንድሞቻችን» ሲሉ ድምፃቸው ሳይቀር ለስለስ አለ። ነጠላ ሰረዝ ራዲዮኑ አጠገብ ቆሞ እንደ ልጅ ፈነደቀ፤ ዕድሜ ልኩን የለፋው ለዚህች ቀን መሰለው።

አሥር ሰዓት ላይ አማካሪው ራሱ ቢሮው መጣና በሩን ከኋላው ዘጋ።

«ለነገ ጠዋት አንድ አጭር ነገር ይጻፉልኝ» አለ።

«ስለ ድርድሩ ነው?»

«የሐዘን መግለጫ ነው፤ ለወንዝ ዳሯ ከተማ ሕዝብ። የሟቾቹን ቁጥር ባዶ ይተዉት፣ ማታ እንነግርዎታለን።»

አማካሪው እንደወጣ ነጠላ ሰረዝ ስልኩን አነሳ። የእህቱ ስልክ አይጠራም። ጎረቤቷ ጋ ሞከረ፣ የልጆቿ ትምህርት ቤት ጋ ሞከረ፤ የከተማዋ መስመር በሙሉ ተቆርጧል። የስልኩን እጀታ በሁለት እጁ ጨብጦ ቆመ።

«ቤቷ ናት» አለ፣ የሚሰማው ሰው በሌለበት። «ቤትሽ ተቀመጪ ያልኳት እኔ ነኝ።»